የብረት በቅሎ አወራረድ

ጉራ አልወድም። ጉራ የሚነዛ ሰው ሳይ ጥርሴን ያመኛል። ነገር ግን እውነት ሲነገር ጉራ ከመሰለ ጥፋቱ የእውነቱ እንጂ የእኔ አይደለም። ስለዚህ ሳላፍር እናገራለሁ፦ ከጣርማ በር እስከ እነዋሪ ባለው አገር የብረት በቅሎ ላይ የተቀመጠ የመጀመሪያው ሰው እኔ ነኝ። ኋላ «ቢስክሌት» የሚል ስም ወጥቶለታል አሉ። ያን ጊዜ ግን ስም የሚያወጣለት ሰው አልነበረም። ሁለት መንኮራኩር፣ አንድ መቀመጫ፣ ሁለት ቀንድ፤ ሆድ የለው፣ ጭራ የለው። ቀንድ ያላት በቅሎ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ተቀምጬባታለሁ።

ነገሩ የጀመረው በሐዘን ነው። አንኮበር የሚያውቃት፣ የተሞላ ብርሌ ጀርባዋ ላይ ቢያስቀምጡ ጠብታ የማታፈስ ሰጋር በቅሎ ነበረችኝ። ምን እንደበላች እንጃ፣ አንድ ቀን አድራ ሞተች። በቅሎ በሁሉም ሰው ይሞታል፤ የእኔዋ ግን የምትሞትበትን ቀን አታውቅም ነበር። ልክ ሽማግሌ የላክሁ ሰሞን ሞተች።

ሽማግሌ የላክሁት ባላምባራስ ጥላዬ ዘንድ ነው። ባላምባራስ ከደብረ ብርሃን ወዲያ፣ ሜዳው ላይ ካለው ሐይቅ ዳር ይኖራሉ። አስካለ የምትባል ልጅ አለቻቸው። አስካለን ያየኋት አንድ ጊዜ ገበያ ውስጥ ነው፤ ከአንድ የአሞሌ ነጋዴ ጋር ተከራክራ ስትረታው አየሁ። የጨው ነጋዴ የረታች ሴት ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም። ከዚያ ወዲህ እንጀራ ስቀምስ እንኳ ጨው ያነሰው ይመስለኝ ጀመር።

ሽማግሎቹ ተመልሰው መጡና ተቀመጡ። ጠላ ቀዳሁላቸው። አንጋፋው ጉሮሯቸውን ጠርገው እንዲህ አሉኝ፦

«ባላምባራስ ‹ልጄን በእግሩ ለሚመጣ ሰው አልሰጥም፤ የሚካኤል ዕለት ተቀምጦ ይምጣና ልየው› ብለዋል።»

«ይኸማ ቀላል ነው» አልሁ፣ በቅሎዬ መሞቷን ውጬ።

«ገና አልጨረስሁም። ‹በቅሎ ላይ መውጣትማ ዝንጀሮም ይወጣል፤ እኔ የማየው አወራረዱን ነው። የሰው አስተዳደጉ የሚታየው ሲወርድ ነው› ብለዋል።»

ይህን ስሰማ ልቤ በኩራት አበጠ። የአገራችሁ ልማድ ሌላ ከሆነ ልንገራችሁ፦ እኛ ዘንድ በቅሎ ላይ ሆኖ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ማለፍ ነውር ነው። ይወረዳል፣ ይሳለማል፣ ጥቂት በእግር ይኬዳል፣ ከዚያ እንደገና ይወጣል። ትልቅ ሰው ሲያጋጥምም እንደዚሁ። መውረዱ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። አሽከር እርካብ ይይዛል፤ ጌታው ቸኮለ እንዳይባል ዙሪያውን ይቃኛል፣ ጋቢውን ያስተካክላል፣ ሳል ካለበትም ያኔ ይስላል፤ ከዚያ በኋላ ነው እግሩን የሚያነሳው። በዚህ ሙያ ከእኔ የሚስተካከል አንኮበር ውስጥ አልነበረም። አባቴ ነፍሳቸውን ይማርና «ልጄ ሲወርድ እንኳ የሚወጣ ይመስላል» ይሉ ነበር።

የቀረኝ የምወርድበት በቅሎ ማግኘት ብቻ ነበር።

አልዩ አምባ ወረድሁ። እንድሪስ የሚባል ነጋዴ ወዳጅ ነበረኝ፤ ግመል ብትሉት ግመል፣ ሐር ብትሉት ሐር የማያጣ ሰው ነው። ጉዳዬን ስነግረው ራሱን ነቀነቀ።

«ወላሂ በቅሎ የለኝም፤ ሁሉም ከነጋዴዎቹ ቅፍለት ጋር ወርዷል። ግን አንድ ነገር አለኝ፤ አትስቅብኝ።»

ከጓሮ አወጣና አሳየኝ። አንድ ፈረንጅ ከባሕር ጀምሮ በግመል አስጭኖ ያመጣው ነው። አልዩ አምባ እስኪደርስ ደኅና ነበር። ከዚያ ቀና ብሎ የአንኮበርን ዳገት አየ። ዳገቱን አየ፣ ብረቱን አየ፣ በአገሩ ቋንቋ አንድ ነገር ተናገረና ጥሎት ሄደ።

«ምን ብሎ ተናገረ?» አልሁት።

«ቋንቋውን አላውቅም። ጸሎት ግን አይመስልም።»

«ይበላል?»

«አይበላም።»

«ይራገጣል?»

«እስካሁን አልተራገጠም።»

«ይሞታል?»

«ብረት ምን ብሎ ይሞታል! ቢበዛ ይዝጋል፤ አላህ ካለ እሱንም በቅቤ ታሸዋለህ።»

በቅሎ ለሞተበት ሰው ከዚህ የበለጠ ምን ይነገረዋል? የሟቿን ኮርቻ ሰጥቼ ብረቷን ወሰድሁ። ብዙ ነገር ጠይቄዋለሁ፤ ከብረቷ ላይ እንዴት እንደሚወረድ ግን አልጠየቅሁም። ማንን ነው መውረድ የሚያስተምሩት?

ልምምድ ተጀመረ። አንኮበር ላይ ቢስክሌት መማር ማለት ምን ማለት እንደሆነ አገሩን ያየ ያውቀዋል። እኛ ዘንድ ሜዳ የሚባለው ሰው ተንሸራቶ የማይሞትበት ዳገት ነው። አሽከሬ ድንቁ ከኋላ ይይዘኛል። ድንቁ በዕድሜ ይበልጠኛል፤ ብዙ ዘመን ከበቅሎ ጎን የሮጠ ሰው ነው፣ አፉ ግን ከእግሩ ይፈጥናል። «ጌታዬ፣ ወደ ቀኝ አዘነበሉ! ጌታዬ፣ አሁን ደግሞ ወደ ግራ! ጌታዬ፣ አሁን ወደቁ!» እያለ የማውቀውን ነገር ይነግረኛል።

የብረቷ ጠባይ እንዲህ ነው፦ መርገጫዋ ከመንኮራኩሯ ጋር የተቆራኘ ነው። መንኮራኩሩ ከዞረ እግርም ይዞራል፤ ላርፍ ቢሉ አታሳርፍም። ልጓም የላትም፣ «ቁሚ» ቢሏት ጆሮ የላትም። ስለዚህ መላ አበጀን። እኔ ከላይኛው አጥር ተደግፌ እነሳለሁ፤ ድንቁ ታችኛው አጥር ዘንድ ቆሞ ቀንዷን ጨብጦ ያስቆመኛል፤ ከዚያ ብብቴን ይዞ ያወርደኛል። እኔ መሄድን ተማርሁ፣ ድንቁ ማቆምን ተማረ። ሥራ ተካፍሎ መሥራት የጌትነት ወግ ስለሆነ ምንም አልጠረጠርሁም። ሕዝቡ አጥር ላይ ተንጠልጥሎ ያየኛል፣ እኔም መታየቴን አየዋለሁ። እንዴት ያለ ሰሞን ነበር!

የሚካኤል ዕለት ደረሰ። ከዋዜማው ጀምሮ ከአንኮበር እስከ ሜዳው ድረስ ብረቷን ድንቁ በትከሻው ተሸከማት፣ እኔ በእግሬ ሄድሁ። ያልታየ ነገር አልተደረገም። ሐይቁ ጋ ስንደርስ ጠዋት ነው፤ የደብረ ብርሃን ብርድ ገና ጥርስ ያንቀጫቅጫል። ብረቷን አለበስኋት። የሟቿን በቅሎ ባለ ጥልፍ ግላስ መቀመጫው ላይ አነጠፍሁ፣ ቃጭሏን ቀንዷ ላይ አሰርሁ። ራሴም ጥበብ ኩታዬን አጣፋሁ። ቆሜ ሳያት፣ እውነቴን ነው፣ ዕንባ መጣብኝ። ከባለቤቷ ቀጥሎ እሷን የመሰለ ነገር አልነበረም።

ሐይቁን ላስተዋውቃችሁ። እኛ ሐይቅ እንለዋለን፤ የጣና ሰው ቢያየው «ይህን ውሃ ማን ደፋው?» ሳይል አይቀርም። ለእኛ ግን ይበቃናል። ዙሪያውን ለጥ ያለ መንገድ ይከብበዋል፤ ከመንገዱ ወዲያ ገብሱ ቢጫ ሆኖ ይተኛል፣ ከመንገዱ ወዲህ ይብራዎች ውሃው ላይ ይንሳፈፋሉ። በወዲያኛው ዳር የሚካኤል ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ከደጁ አጠገብ ጽድ፣ ከጽዱ ሥር ደግሞ ባላምባራስ ጥላዬ፣ ሽማግሎቻቸውና የነፍስ አባታቸው ተቀምጠው ይጠብቁኛል። ጽዱ ከሩቅ ይታየኝ ነበር። ከዚያ እስክደርስ ቀስ ብሎ፣ እየተንሸራሸሩ፣ ግራና ቀኝ እያዩ መሄድ ብቻ ነው። ጨዋ ሰው ዝግ ይላል። የሚሮጠው መልእክተኛ ነው፣ አለዚያም ሌባ።

እዚህ ላይ ብረቷና አስተዳደጌ ተጣሉ። ድንቁ ቀንዷ ላይ ገመድ አስሮ በዝግታ ይስብልኝ ጀመር። ወደቅሁ። ተነሣሁ፣ «ይበልጥ ቀስ በል» አልሁት። ይበልጥ ፈጥኜ ወደቅሁ። ያቺ ብረት ቀስ ሲሉ ትወድቃለች፣ ሲሮጡ ትቆማለች! ፈረንጅ እንዴት ያለ ነገር ነው የሚሠራው? ሰው ሳይረጋጋ የሚቆምበትን ዕቃ ምን አእምሮ ፈጠረው?

«ጌታዬ፣ እንሩጥ እንጂ» አለኝ ድንቁ።

«ባላምባራስ ሲያዩኝ?»

«ወድቀው ከሚያዩዎ ሮጠው ቢያዩዎ አይሻልም?»

አሰብሁበት። ገመዱን አስፈታሁ። «እንግዲያው አንተ ከጎኔ ሩጥ። ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ስንደርስ ቀንዷን ትይዛለህ፣ እኔ ኩታዬን አስተካክዬ እወርዳለሁ» አልሁት። ድንቁ ጋሻዬንና ጦሬን ተሸከመ። ረገጥሁ።

መቼም የዚያን ጠዋት ደስታ የምገልጥበት ቃል የለኝም። ነፋሱ ኩታዬን ነፋው፣ ቃጭሉ ሰማይ እስኪሰማ ጮኸ፣ ይብራዎቹ ብድግ አሉ፣ ገበሬዎች ዱላቸውን እንደያዙ ቀሩ። አንድ ሰው «እግዚኦ!» ሲል ሰማሁ። እኔን ነው! ከአዳም ጀምሮ በዚያ መንገድ ላይ እኔን የመሰለ ሰው አላለፈም ብዬ ኮራሁ። እንዲህ ስኮራ ድንቁን አልሰማሁትም። ቀና ስል ጽዱ አጠገቤ ነው። ዘወር ስል ድንቁ የለም። ከሩቅ፣ ከሐይቁ ዳር ካለው ረግረግ ዘንድ፣ ጋሻ ብቻ ይታየኛል።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። መውረድ አላውቅም!

ባላምባራስ ብድግ አሉ። ሽማግሎቹ ብድግ አሉ። እኔ እንደ ወፍ እልም። በሚካኤል ደጅ፣ በአማቴ አፍንጫ ሥር፣ ሳልወርድ አለፍሁ። ያደረግሁት አንገቴን ሰብሬ እጅ መንሳት ብቻ ነው፤ ያውም አንገቴን ስሰብር ብረቷ ሐይቅ ልትከተኝ ነበር። ከኋላዬ «ምን ያለ ባለጌ ነው!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ባለጌ! እኔን! ከበቅሎ ከመውደቅ ይልቅ ያቺን ቃል መስማት የባሰ አመመኝ።

መንገዱ ክብ ነውና ደግነቱ ይመልሰኛል። ድንቁ ዘንድ ደረስሁ፤ ጉልበቱ ድረስ ጭቃ ውስጥ ቆሟል። «ያዘኝ!» ብዬ እንዳልጮህ ጸጥ ባለ ውሃ ላይ ድምፅ ሩቅ ይሄዳል፤ አስካለ ብትሰማስ? ስለዚህ በዐይኔ ጠቀስሁት፣ በአገጬም ወደ መሬት አመለከትሁት። ይህ ማለት «ቀንዷን ይዘህ አውርደኝ» ማለት ነው። ድንቁ ፊቱ በራ፣ ራሱን ነቀነቀና በገብሱ መሐል ሰንጥቆ ወደ ጽዱ ሮጠ። ኋላ ስጠይቀው «‹ቀድመህ ስለ እኔ ንገራቸው› ያሉኝ መሰለኝ» አለኝ።

ነገራቸዋ! ሁለተኛ ሳልፍ ባላምባራስ በቁጣ ሲጠይቁት፣ እሱም ደረቱን ነፍቶ ሲመልስ ደረስሁ።

«ጌታዬ ስለት አለባቸው! ለሚካኤል ሐይቁን ሊዞሩ ተስለዋል! ዙሩ ሳያልቅ አይወርዱም!»

«ስንት ጊዜ ነው የተሳለ?» አሉ ቄሱ።

ድንቁ ራሱን አከከ። «እሱንማ የሚያውቁት ሚካኤልና እሳቸው ናቸው።»

ስለት ሲባል ነገሩ ሁሉ ተገለበጠ። ባለጌ ያለኝ አፍ «እሰይ» አለ። ስለት ያለበትን ሰው ማንም አያስቆመውም፤ ማስቆም ኃጢአት ነው። ድንቁ ራሱ እንኳ ሊይዘኝ ቢመጣ ከእንግዲህ ያስሩታል። አሽከሬ ክብሬን አዳነና ማምለጫዬን ዘጋ።

ሦስተኛው ዙር ላይ ሰው በመንገዱ ግራና ቀኝ ተሰልፏል። ሴቶች እልል ይላሉ። ከዚያ ደግሞ አንዲት ባልቴት «ጌታው፣ የላሜንም ነገር አንሱልኝ፣ ነጥፋብኛለች!» ብለው ጮኹ። ምነው ባላሉ! የሚለምን ሰው በዛ። ባለፍሁ ቁጥር «ለምራቴ ልጅ ለምኑልኝ!»፣ «የጠፋ በጌን!»፣ «ወገቤን፣ ጌታው፣ ወገቤን!» ይሉኛል። እኔ በግራ በቀኝ «እሺ፣ እሺ» እያልሁ እረግጣለሁ። የሰው ሁሉ ጭንቅ ጀርባዬ ላይ ተጫነ። የራሴን ወገብ ማን ያንሳልኝ?

ወደ ደብረ ብርሃን ገብስ የጫኑ አህዮች መንገዱን ሞልተው መጡብኝ። ቃጭሌን ሲሰሙ ግማሾቹ ገብሱን ጥለው ወደ ማሳው፣ ግማሾቹ ወደ ሐይቁ። ባለቤታቸው ሊሳደብ አፉን ከፈተ፤ «ስለት ነው!» ሲሉት አፉን ዘግቶ «የአህዮቼንም ነገር» አለኝ። ሁለት ውሾች ደግሞ ተከተሉኝ፤ ለውሻ ስለት የሚነግር የለም። የኩታዬ አንዱ ጫፍ በመንኮራኩሩ ተበላ፣ ሌላው ጫፍ በውሻው። ላቤ ዐይኔ ገባ። ነገር ግን አንገቴን ቀጥ አድርጌ ነበር የምሄደው። ይህን የሚክድ ካለ ይምጣ።

በመጨረሻው ዙር ጽዱ ብቅ ሲል ያየሁት ነገር ደሜን አቀዘቀዘው። ባላምባራስ ጥላዬ ራሳቸው፣ ዘንጋቸውን ይዘው፣ ከጽዱ ሥር ተነሥተው መንገዱ መሐል ቆመዋል። ስለቴን ለማክበር ሊቀበሉኝ ነው። ትልቅ ሰው ተነሥቶ፣ ያውም በሚካኤል ደጅ፣ በእግሩ ቆሞ ሲቀበል እላዩ ላይ ተቀምጦ ማለፍ! ያን ጊዜ ስለትም አያድነኝም። አስካለን አጣኋት ማለት ነው። «ያዙኝ፣ መውረድ አልችልም» ብል? ያኔም አጣኋት። አወራረዱን ነው የማየው ያሉ ሰውዬ ናቸው እኮ ፊቴ የቆሙት።

በፊቴ ባላምባራስ፣ በቀኜ ውሃ። አባቴን አሰብሁ። ባርኔጣ ባይኖረኝም እጄን ወደ ራሴ አነሣሁ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አንገቴን ደፋሁ፣ በቻልሁት ድምፅ «ስለ ሚካኤል!» አልሁና ቀንዷን ወደ ሐይቁ መለስሁት።

የዚያን ውሃ ቅዝቃዜ አልነግራችሁም፤ ክርስቲያን ናችሁና አንጀታችሁ አይችለውም። ከነጥበብ ኩታዬ፣ ከነቃጭሌ ገባሁ። ስወጣ አፌ ውስጥ ቄጠማ አለ። ዳር ላይ ውሃ ሊቀዱ የመጡ ልጃገረዶች ቆመዋል። ውሃ መቅዳቱ ሰበብ ነው፤ እኔን ሊያዩ ነው የመጡት። አንዷ የእንስራዋን ማዘያ ገመድ ፈትታ ወረወረችልኝ። ጨብጬ ቀና ስል አስካለ ናት። እየሳበችኝ፣ ሌላ ሰው በማይሰማው ድምፅ እንዲህ አለችኝ፦

«መውረድ አይችሉም ነበር፣ አይደል?»

ቄጠማውን ከአፌ አወጣሁ። «ስለት ነው» አልሁ።

«እንግዲያስ ስለት ነው» አለችና ከንፈሯን ነክሳ ሳበችኝ።

ባላምባራስ እስከ ውሃው ጫፍ መጡ። ውሃ እያንጠባጠብሁ እጅ ነሣሁ። ከራስ ፀጉሬ እስከ እግር ጥፍሬ አዩኝ። የአስካለ ዕድል፣ የእኔም ዕድል በዚያ አስተያየት ውስጥ ነበር። ከዚያ ወደ ሽማግሎቹ ዞሩ።

«እኔ ስወርድ እርካብ ይያዝልኛል፣ ምንጣፍ ይነጠፍልኛል። ይኸ ሰው ግን ማንም ሳይዝለት፣ መሬት ሳይመርጥ፣ በቅሎውንም ራሱንም ለታቦት ጥሎ ወረደ። እኔ በዕድሜዬ እንዲህ ያለ አወራረድ አላየሁም።»

«እኔም አላየሁም» አሉ ቄሱ።

«ልጄን ሰጥቻለሁ» አሉ ባላምባራስ።

እልልታው ሐይቁን አናወጠው። ድንቁ ጋሻዬን እያነሣ ይፎክርልኝ ጀመር። እኔም ብርዱ ሲያንቀጠቅጠኝ ሰው የኩራት መንቀጥቀጥ ይመስለው ይሆን ብዬ አልተጨነቅሁም፤ ግማሹ የኩራት ነበርና። የባልቴቲቱ ላም ከሰሞኑ ታለበች አሉ። እሱንም ለእኔ ቆጥረውታል፤ እኔም አልከለከልኋቸውም።

ብረቷን ሰዎች ጎትተው አወጧት። ሠርጋችን ካለፈ በኋላ አንድ ከሰዓት አስካለ ከቤታችን ጓሮ፣ አውድማው ላይ አቁማ ስታገላብጣት አገኘኋት።

«እስቲ ልሞክራት» አለችኝ።

«ለሴት አትሆንም። እኔ እንኳ ስንት ተምሬ ነው።»

«እንግዲያው አባቴን ልጠይቃቸው፤ ስለ ስለቱም እግረ መንገዴን አነሣላቸዋለሁ።»

ብረቷን ያዝሁላት። ቀሚሷን በመቀነቷ ጠበቅ አድርጋ ወጣች። መጀመሪያ ተንገዳገደች፣ ሁለተኛ አጥሩን ተደገፈች፣ ከዚያ አውድማውን መዞር ጀመረች፤ ጀርባዋ ቀጥ፣ ዐይኗ ሩቅ። እኔ ከኋላ እየሮጥሁ «ስታቆሚ ንገሪኝ! ቀንዷን እይዝልሻለሁ!» እላለሁ። እሷ መርገጫውን በእግሯ ተቃወመችው፣ ብረቷ ዝግ አለች፣ አንድ እግሯን መሬት አስነካች፣ ሌላውን አስከተለች። ወረደች። ከመደብ እንደሚወረድ ወረደች! ከዚያ ነጠላዋን አስተካከለች፣ ዙሪያውን ቃኘች፣ ሳል ሳይኖርባትም ትንሽ ሳለች።

የዚያን ዕለት ያህል ኮርቼ አላውቅም። ደረቴ ተነፋ። የጨው ነጋዴ የረታች፣ ብረት የገራች ሴት የእኔ ሚስት ናት ብዬ ለሰው ሁሉ ልጮህ አፌን ከፈትሁ፤ ከዚያ ምን ብዬ እንደምጀምረው አሰብሁና ዘጋሁት።

ዛሬ አርጅቻለሁ። እንግዳ በመጣ ቁጥር «በዚህ አገር የብረት በቅሎ ላይ መጀመሪያ የወጣ ማነው?» ይሉኛል። «እኔ ነኝ» እላለሁ፣ ጢሜን እየዳበስሁ። መጀመሪያ የወረደው ማነው ብሎ የጠየቀኝ ሰው ግን እስካሁን የለም። እንግዳው ከጠየቀኝ እውነቱን እመልሳለሁ፤ ማልሁ። እስከዚያው ግን ይህን ተረት በጀመርሁ ቁጥር ከጓዳ አንዲት ሴት ትንሽ ትስላለች። ሳል የለባትም።